የኔታን ዝም ያሰኘሁበት መርፌ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ። ለስላሳ ተከፈተ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሁለት ሦስት ሰው እየተነሣ ስለ እኔ ተናገረ። «የሲስተር ጥሩወርቅ እጅ ቀላል ነው፤ መርፌዋ አይሰማም» አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ግን ጋቢዬን እስከ አፌ ስቤ መሬት መሬት አየሁ። ዓይነ አፋር ሆኜ አይደለም፤ ወረታ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ምላሰኛ መሆኔን ያውቃል። አንገቴን ያስደፋኝ «መርፌዋ አይሰማም» የሚለው ቃል ነው። በእኔ መርፌ ምክንያት እስከ ዛሬ ግማሽ ምላሳቸው ምንም የማይሰማው ሰው አሉና።

ዝግጅቱ ሲያልቅ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ትሑት ሰው፣ ጠጋ ብሎ «ሲስተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለኝ። ጥርሱን ሊነቀል ወይም ቁስሉን ሊሰፋ የሚመጣ ሰው ስለ ማደንዘዣ መርፌ ማወቅ ያለበትን፣ ገበሬውም ቄሱም በሚገባው አማርኛ እንድጽፍለት ነው። ታካሚ ተራ በሚጠብቅበት ግድግዳ ላይ ሊለጥፈው አስቧል።

«ምን ገዶኝ! ለዚህማ አንድ ምሽት ይበቃኛል» አልኩት።

ክረምቱ ገባ፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር መሰለ። ውኃው ሸሸ፣ ሩዙ አሸተ፣ ወረቀቴ ግን ባዶ ነበር። አንድ መስመር ልጽፍ ብዕሬን ባነሣሁ ቁጥር አንድ ሰው ፊቴ ይቆማል። ከሁሉም ኋላ ደግሞ ሁልጊዜ የኔታ ይኄይስ ይመጣሉ። ያኔ ብዕሩን አስቀምጬ የታጠበ ዕቃ መልሼ አጥባለሁ።

የመጀመሪያ ምድቤ ይፋግ ጤና ጣቢያ ነበር። ያኔ ቀጭን፣ ቸኳይ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለጫማ ትበቃ ነበር፤ ስለ እሷ ይህን ያህል ይበቃል። ጥርስ ክፍሉን የሚመራው ጋሽ አያልነህ የሚባል አንጋፋ ነርስ ነው። የፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚበላ አገር ነው፤ ሩዝ ውስጥ ደግሞ ጠጠር አይጠፋም፤ ጠጠር መንጋጋ ይሰብራል። ስለዚህ ሥራ አጥተን አናውቅም። ሰዉ እኛ ዘንድ የሚመጣው መጀመሪያ ቅርንፉድ ነክሶ፣ አረቄ ተጉመጥምጦ፣ ጠበል ጠጥቶ፣ ሁሉም አልሆን ሲለው ነው። በር ላይ ሲደርስ ከሕመሙ ይልቅ እኛን ይፈራል።

ጋሽ አያልነህ ሥራውን የሚጀምረው ከጠርሙሱ ነው። የማደንዘዣውን፣ የሊዶካይኑን ጠርሙስ በመዳፉ ይዞ ከታካሚው ጋር ወሬ ይጀምራል። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዘንድሮ ጎርፍ፣ ማንን እንደዳረ ይጠይቀዋል። እኔ ወሬ የሚወድ ሰው መስሎኝ ነበር። ለካ መድኃኒቱን በእጁ እያሞቀው ነው። «ቀዝቃዛው ሲገባ ያቃጥላል፤ ሰውየው ገና ሳልነካው ለምን ይጠላኛል?» ይለኝ ነበር። ከዚያ የጠርሙሱን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ማንበብ ለማይችለውም ያነባል። መርፌውን ካስገባ በኋላ ሳይገፋው መጀመሪያ ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ያያል። ደም ብቅ ካለ ያወጣዋል። «ደም ሥር ውስጥ የገባ ማደንዘዣ ጥርስ አይደለም የሚያደነዝዘው፣ ልብ ነው» ይላል። ሲገፋ ደግሞ ዝግ ብሎ ነው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ በልቡ አቡነ ዘበሰማያትን ይደግማል። ጸሎቱ ሳያልቅ መድኃኒቱ አያልቅም። ይህን ያየ ታካሚ አገሩ ገብቶ «እየጸለየልኝ ነው የወጋኝ» ብሎ አወራ። ከአዲስ ዘመን ከተማ ሳይቀር ሰው ይመጣለት ጀመር። እሱ ይስቃል። «ጸሎትም ነው፣ ሰዓትም ነው» ይላል።

አንድ ነገር ግን ያናድደኝ ነበር። ታካሚውን አንድም ቀን «ደህና ነህ?» ብሎ ጠይቆት አያውቅም። አንድ ቀን አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ምነው ደህና ነህ ወይ አትላቸው? ክፉ ሰው ትመስላለህ እኮ!»

«አንቺ፣ ያገራችን ሰው ደህና ነህ ወይ ሲባል ምን ይላል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ይላላ።»

«ቤቱ ቢቃጠልስ?»

«ያው እግዚአብሔር ይመስገን ነው።»

«በይ እንግዲህ! ምን አወቅሽ?»

እሱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። «ጆሮህ ይጮሃል? አፍህ ብረት ብረት ይላል? ከንፈርህን ወረረህ? ምላስህን እንደ ኮረንቲ መታህ?» እያለ አንድ በአንድ ይጠይቃል። እንዲህ ሲጠየቅ ሰው እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ማምለጥ አይችልም። ከመውጋቱ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ታካሚ ዓይን ዓይኑን እያየ የሚለው አለ። «መርፌው አፍህ ውስጥ ሳለ መናገር አትችልም። አንዳች ነገር ከተሰማህ ቀኝ እጅህን አንሣ። ያነሣህ እንደሆነ አወጣዋለሁ። አልቆጣህም።» «አልቆጣህም» የምትለዋን ሁለት ጊዜ ነው የሚላት። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ የሚቆጣ የሚመስለው ሕዝብ መሆኑን ያውቃል። እኛም እንዲመስለው አድርገነዋል፤ ይህን ስጽፍ ፊቴን ትኩስ ትኩስ ይለኛል።

ይፋግ ላይ ብዙ ነገር አየሁ። አንዲት ሙሽራ ሠርጓ ሲቃረብ ጥርሷን ነቀልንላት። ድንዛዜው እስኪለቅ ምንም እንዳታኝክ ጋሽ አያልነህ ነገራት። እሷም እሺ አለች፤ እሺ ማለት ጨዋነት ነዋ። ቤቷ ገብታ ቆሎ ቆረጠመች፤ ከቆሎው ጋር የገዛ ከንፈሯን። ስላልተሰማት ደሙን ያየችላት እናቷ ናት። የሠርጓ ዕለት ከንፈሯ አብጦ በነጠላ ሸፍና ዋለች። ከዚያ ወዲያ ጋሽ አያልነህ ምክሩን ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ለአስታማሚውም መንገር ጀመረ።

ሌላው ከጣራ ገዳም በኩል የመጡ ሽማግሌ ናቸው። የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ሲባሉ «የለም፣ ጠበል ብቻ ነው የምጠጣው» አሉ። ጋሽ አያልነህ ዙሪያቸውን የቆመውን ቤተ ዘመድ አየና «እስቲ ሁላችሁ ውጡ» አለ። ብቻቸውን ሲቀሩ ከእጀ ጠባባቸው ኪስ የልብ ክኒን አወጡ። ጠበል ላይ ሆነው ክኒን እንደሚውጡ ልጆቻቸው እንዳያውቁባቸው አፍረው ነው። ማደንዘዣው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ልብን የሚያስደልቅ መድኃኒት የተቀላቀለበት ነው። እሱን ወግተናቸው ቢሆን ኖሮ ልባቸው ላይችለው ይችል ነበር። ጾመኞችም ነበሩ፤ ከሌሊት ጀምሮ ውኃ ሳይቀምሱ መጥተው መርፌ ሲያዩ ወንበሩ ላይ ክልትው የሚሉ። እነሱን ጋሽ አያልነህ «ጾሙን ፍታና ከሰዓት ና፤ ጥርሱ አይሄድብህም» ብሎ ይመልሳቸዋል።

ወደ ወረታ ስዛወር ሊሸኘኝ መኪና ድረስ መጣ። «እጅሽ ጎበዝ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። «ጆሮሽ ግን ገና ነው» ብሎ ጨመረ። ተቀይሜው እስከ ወረታ ድረስ ቃል አልተነፈስኩም፤ ከማን ጋር እንደምነጋገር እንጃ እንጂ።

ወረታ ይፋግ አይደለችም። የደብረ ታቦሩም የጎንደሩም የባሕር ዳሩም መኪና የሚተላለፍባት፣ ሩዝ መፈልፈያው ሲጮኽ የሚውልባት ከተማ ናት። የገበያ ቀን ታካሚው ከበር አልፎ እስከ አጥሩ ይሰለፋል። የዚያን ጊዜው አለቃችን ሰልፍ አይወድም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መስኮት ላይ ቆሞ ሰልፉን እያየ «ዛሬስ አላለቀም?» የሚል ሰው ነበር። እኔ ደግሞ ሰልፍ በማሳጠር ስሜ ተነሣ። ጠርሙሱን ማሞቅ ተውኩ። አቡነ ዘበሰማያት እኩሌታው ላይ መቆረጥ ጀመረች። እጅ የማንሣቷን ነገር መጀመሪያ ለወጣቶች ብቻ፣ ቀጥሎ ለፈሪ ብቻ ነገርኩ፤ በመጨረሻ ለማንም መንገር ተውኩ። ሰው ሁሉ «የጥሩወርቅ እጅ» ሲል ልቤ አብጦ ነበር። ማንም ምንም ሳይሆን ረጅም ጊዜ ማለፉ ጎዳኝ።

የኔታ ይኄይስ የመጡት በገበያ ቀን ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ባለች የማርያም ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ደብተራው፣ ዲያቆኑ፣ ቄሱ ከእሳቸው አፍ ያልተማረ በዚያ ዙሪያ ጥቂት ነው። ዜማ እንደ ጽሑፍ በዓይን የሚያዝ አይደለም፤ መምህሩ ይላል፣ ተማሪው እሱ እንዳለው ይላል። እንጀራቸው አፋቸው ነው ማለት ነው። ሩዝ ውስጥ ያለ ጠጠር የታች መንጋጋቸውን ሰንጥቆባቸው ጉንጫቸው አብጧል። ገብተው ባርከውኝ ተቀመጡ፤ ወንበሩ ላይ ደገፍ እንዳሉም በጉሮሯቸው ማዜም ጀመሩ። ሲፈሩ እንደሚያዜሙ በኋላ ነው የገባኝ። ያኔ የገባኝ አፋቸው መንቀሳቀሱና ከበሩ ኋላ ያለው ሰልፍ ብቻ ነው።

«የኔታ፣ ዝም ይበሉ እንጂ! እንዲህ እያንጎራጎሩ እንዴት ልወጋዎ?»

«እሺ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሉ።

ዝም አሉ። መርፌውን ከመንጋጋቸው ኋላ አስገባሁ። እንደገባ ሰውነታቸው በአንድ ጊዜ ዘለለ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቀኝ እጃቸው ከወንበሩ መደገፊያ ትንሽ ተነሣች። ማንም አንሡ አላላቸውም፤ እንዲያው ተነሣች። አየኋት። አይቼ በክርኔ መልሼ ተጫንኳት። «አይንቀሳቀሱ፣ ዝም ይበሉ፣ አለቀ» አልኩና መድኃኒቱን ገፋሁት። መርፌው ነርቭ ሲነካ ሰው እንዲህ እንደሚዘል አውቃለሁ። ሳብ አድርጎ ቦታ መቀየር እንደሚገባ ጋሽ አያልነህ አስተምሮኛል። ፍርሃት ነው ብዬ አለፍኩ፤ ፍርሃት ነው ማለት ጊዜ ስለማይወስድ።

ጥርሱ በአንድ ጉተታ ወጣ። የኔታ የደም ማቆሚያውን ጎዝ ነክሰው በእጃቸው አመስግነውኝ ወጡ። እኔም «ቀጣይ!» አልኩ።

ከቀናት በኋላ ተመልሰው መጡ። ቀኝ በኩል ከንፈራቸውና ምላሳቸው አልነቃም። «ይነቃል የኔታ፣ ትንሽ ይታገሡ» አልኳቸው። ወጡ። ወር አልፎ መጡ። ከንፈራቸው ነቅቷል፤ ምላሳቸው እኩሌታው አሁንም የሌላ ሰው ምላስ ነው። ሲናገሩ «ሰ» አፋቸው ውስጥ አትቆምም፤ በጥርሳቸው መሃል ሾልካ ደንዝዛ ትወጣለች። ያኔ ነው ወንበር ስቤ ፊታቸው የተቀመጥኩት፤ መጀመሪያውኑ መቀመጥ የነበረብኝ።

«የኔታ፣ ስወጋዎ ምን ተሰምቶዎት ነበር?»

«መብረቅ ወረደብኝ፤ እስከ ምላሴ ጫፍ።»

«ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?»

«ዝም ይበሉ አልሽኝ» አሉ። «ዝም አልኩ።»

ወቀሳ አልነበረበትም። እንደ ታዘዙት ማድረጋቸውን ሲነግሩኝ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን አዝኜ ሲያዩኝ ሊያሥቁኝ ሞከሩ። ፊደል የቆጠረ እንደሚያውቀው ሁለት «ሰ» አለ፤ እሳት የሚጻፍበት እሳቱ ሰ፣ ንጉሥ የሚጻፍበት ንጉሡ ሠ። «ንጉሡንም እሳቱንም በአንድ መርፌ ወሰድሽብኝ!» አሉና ሣቁ። እኔ አለቀስኩ።

የዚያኑ ዕለት ለአለቃዬ ነገርኩት። የኔታ ጎንደር ሆስፒታል ተላኩ፤ «ነርቩ ተጎድቷል፣ ጊዜ ሊመልሰው ይችላል» ተብለው መጡ። አልመለሰውም። አለቃዬ «ጠንቃቃ እጅም ይገጥመዋል፣ ራስሽን አትጉጂ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጠንቃቃ እጅም ይገጥመዋል። የእኔ ግን ጠንቃቃ እጅ አልነበረም። እጃቸውን በክርኔ የተጫንኩት እኔ ነኝ። ከሁሉ ያቃጠለኝ ደግሞ የኔታ ነገሩን «እግዜር ያመጣው ነው» ብለው መዝጋታቸው ነው። ጥርሱን የታመመ ተማሪያቸውን ሁሉ ወደ እኔ ይልኩ ነበር። «ሲስተር ዘንድ ሂድ፤ እጇ ቀላል ነው» ይሉታል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጠርሙስ ሳላሞቅ ወግቼ አላውቅም። አቡነ ዘበሰማያትን እስከ መጨረሻዋ ቃል እጨርሳታለሁ። «እጅዎን ያንሡ፤ አልቆጣዎትም፤ አልቆጣዎትም» ሳልል መርፌ አላነሣሁም። ሰልፉ ረዘመ፤ አለቃዬ መስኮት ላይ ቆመ፤ ይቁም አልኩ። እንዲህም ሆኜ የኔታን ፊት ለፊት ማየት አልቻልኩም። በዚያች ደብር በኩል የሚያልፈውን መንገድ ተውኩት። የማርያም ዕለት ሌላ ደብር ሄጄ እሳለማለሁ። ገበያ ላይ ነጭ ጥምጥም ከሩቅ ካየሁ ወደ ሽንኩርት ተራ እታጠፋለሁ፤ ሽንኩርት ሳልፈልግ ስንት ጊዜ ሽንኩርት ገዝቼ ገብቻለሁ።

ጡረታ ወጥቼ ወረቀቱን እየፈራሁ ሳለ የጋሽ አያልነህ የሙት ዓመት ደረሰና ይፋግ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን አንድ ወጣት ቄስ ተነሥቶ ጸሎት አደረሰ። ድምፁ የሚያምር ነው። «ስብሐት» ሲል ግን ጆሮዬ ቆመ። «ሰ»ዋ በጥርሱ መሃል ሾለከች፤ ደነዘዘች። ሌላ ቃል መጣ፤ እንደገና ሾለከች። ይህን ሰውዬ ማን ነው የወጋው አልኩ በልቤ። ሲጨርስ ጠጋ ብዬ መስቀሉን ተሳለምኩና ጠየቅሁት።

«አባቴ፣ ጥርስ ተነቅለው ያውቃሉ?»

«ኧረ የለም፤ ተመስገን፣ ሁሉም አለ» ብሎ ፈገግ አለ።

«ዜማውን የት ተማሩ?»

«የኔታ ይኄይስ ዘንድ ነዋ! አላወቁትም? የሳቸውን ተማሪ ሰው ከሩቅ ይለየዋል። የኔታ ቤት ይሉታል።»

ቤት የሚሉት በዜማ ትምህርት የአንድ ወገን አካሄድን ነው፤ እንደ ትልልቆቹ የዜማ ቤቶች። ቄሱ ኮራ ብሎ የእሳቸው ተማሪዎች በየትኞቹ ደብሮች እንደሚያገለግሉ ይዘረዝርልኝ ጀመር። እስከ አዲስ ዘመን፣ ከዚያም ወዲያ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ራሳቸው መምህር ሆነው ተማሪ ይዘዋል። እኔ እየሰማሁ አልነበረም። መርፌዬ የነካው አንድ ምላስ መስሎኝ ኖሬያለሁ። ለካ መርፌ አይተው የማያውቁ አፎች ሁሉ የእኔን ጥፋት ለዛ ብለው፣ ጌጥ ብለው ተምረውታል። በዚያ ድንኳን ውስጥ ያፈርኩትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም። የቀረበልኝን ሳልቀምስ ወጣሁ።

መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። የኔታ ይህን አያውቁም ይሆናል። ብነግራቸው በስተርጅና ልባቸውን እሰብራለሁ፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ተበላሽቷል ማለቴ ነው። ዝም ብል ደግሞ «ሰ» ከአፍ ወደ አፍ እየደነዘዘች ገና ያልተወለደ ልጅ ድረስ ትሄዳለች። ዝም። ያ ቃል እንደገና መጣ። አንድ ጊዜ እሳቸውን ዝም አሰኝቼ ይህን አመጣሁ፤ አሁን ደግሞ እኔ ራሴ ዝም ልል ነው።

በማግስቱ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ተቀምጬ ጨረስኩት። እንዲህ ይላል።

«ዝም አይበሉ። ከመርፌው በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይንገሩን፤ ሰው ፊት የሚያሳፍርዎ ከሆነ ሰው ይውጣልኝ ይበሉ። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ እርግዝና ካለ፣ ከዚህ በፊት መርፌ ተወግተው ሰውነትዎ አብጦ ወይም ራስዎን ስተው ከሆነ ሳንጠይቅዎ ይንገሩን። በባዶ ሆድ አይምጡ፤ ጾም ላይ ከሆኑ ከሰዓት እንቀጥርዎታለን። የምንወጋዎት መድኃኒት ምን እንደሆነ መጠየቅ መብትዎ ነው። መርፌው አፍዎ ውስጥ ሳለ እንደ ኮረንቲ ከመታዎ፣ ጆሮዎ ከጮኸ፣ አፍዎ ብረት ብረት ካለ፣ ልብዎ ከደለቀ፣ ካዞረዎ፣ እጅዎን ያንሡ። እናቆማለን። አንቆጣዎትም። ድንዛዜው እስኪለቅ ምንም አያኝኩ፣ ትኩስ አይጠጡ፤ የደነዘዘ ከንፈር ሲነክሱት አያምም፣ በኋላ ግን ያማል። አድረው ካልነቃ ይነቃል ብለው ቤት አይቀመጡ፤ ይምጡ። ደህና ነዎት ወይ ብንልዎ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ይበቃል ብለው አያስቡ፤ እሱን ካሉ በኋላ የሚሰማዎትን ይንገሩን።»

አንዱን ለኃላፊው ሰጠሁ። አንዱን ይዤ፣ የተውኩትን መንገድ ይዤ፣ ወደ ሜዳዋ ማርያም ሄድኩ።

የኔታ ቅጥሩ ውስጥ ዋንዛው ሥር አጎዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ተማሪዎቻቸው ዙሪያቸውን ናቸው። ገና ከሩቅ አዩኝና «እሰይ! ሲስተር፣ ምነው ጠፋሽ? ቂም አለሽ ወይ?» አሉኝ። ቂም መያዝ የሚገባቸው እሳቸው ሆነው! ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩና ሳላቋርጥ ነገርኳቸው፤ ይፋግ የሰማሁትን፣ የኔታ ቤት የሚባለውን፣ ሁሉንም። ባቋርጥ እንደማልቀጥል አውቄዋለሁ።

ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ቅርባቸው ያለውን ተማሪ «እስቲ ስብሐት በል» አሉት። አለ። ሌላውን አስደገሙት፤ ሦስተኛውንም። ሁሉም ያው ነው።

«ምላስህን ምን አገኘው?» አሉት የመጀመሪያውን።

«ምንም የኔታ። እርስዎ እንደሚሉት ነው ያልኩት።»

ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። እጃቸው መቋሚያውን ጨበጠች። «ለካ እኔ የምሰማው ውስጤ ያለውን የድሮውን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በአፌ የሚወጣውን አልሰማሁትም። እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም?»

ማን ይነግራቸዋል? መምህር ናቸው፤ ተማሪ መምህሩን አያርምም። እንደገና አለቀስኩ። «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ይቅርታውን ያኔ ሰጥቼሻለሁ፤ ስንቴ ትጠይቂኛለሽ?» አሉና ባለቀሰ ዓይናቸው ተቆጡኝ። ያን ዕለት ሊቆጡኝ የሚገባውን ቁጣ አሁን ተቆጡኝ፤ ደስ አለኝ። «አሁን ሥራ አለብን። ተቀመጪ። ምላስሽ ደህና ነው አይደል?»

«ደህና ነው የኔታ።»

ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «ዜማውን ከእኔ ያዙ፤ ፊደሏን ከሲስተር። አፏን እዩ።»

«የኔታ፣ ኧረ እኔ! ሴት ነኝ፣ ዜማም አላውቅ፣ ምን ብዬ...»

«ዜማ ማን ጠየቀሽ? ሰ በይ።»

ተማሪዎቹ ሁሉ አፌን አዩ። ጋቢዬን ልስብ አሰብኩ፤ አፌን ሊያዩት ስለሚገባ ተውኩት። «ሰ» አልኩ። «ሰ» አሉ ተማሪዎቹ። «ድገሚላቸው» አሉኝ የኔታ፤ ደገምኩ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዝም ብለው ያዳምጡን ነበር።